ኤድጋር አለን ፖ ምን ትቶልን ሄደ? ሌሊት ለሚያነቡ

ተረኛዋ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡20

የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በወር ሰባት ስምንት ሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ስለሚሳሳ መጽሐፍ ይዤ እገባለሁ። ዛሬ ይዤ የገባሁት የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖን አጫጭር ልቦለዶች ነው። (ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ለአንባቢ ይቀላል።) በ1843 ያሳተመውን አንድ ታሪክ አሁን ጨረስኩ። ርእሱን በአማርኛ «አሳባቂው ልብ» ብየዋለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ስሙ ያልተነገረን አንድ ሰው አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ይገድላል። ሽማግሌው አልበደለውም፤ ገንዘቡንም አልተመኘም። ያስጠላው አንዱ ዐይኑ ነው፤ ሞራ የለበሰ፣ የጥንብ አንሳ ዐይን የሚመስል። ሰባት ሌሊት ሙሉ በሩን ቀስ አድርጎ እየከፈተ፣ ፋኖሱን በጥቂቱ ገለጥ አድርጎ አንዲት ቀጭን ጨረር ዐይኑ ላይ ያሳርፋል። ዐይኑ ተጨፍኖ ስለሚያገኘው ይመለሳል። በስምንተኛው ሌሊት ተገልጦ አገኘው። ገደለው፤ ቆራርጦ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ከተተው። ፖሊሶች ሲመጡ በፈገግታ ተቀበላቸው፤ ወንበር አመጣላቸው፤ የራሱንም ወንበር ልክ ሬሳው ካለበት ቦታ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሲጨዋወቱ ቆይተው አንድ ድምፅ ይሰማው ጀመር። ፖ ድምፁን በጥጥ የተጠቀለለ ሰዓት ከሚያሰማው ድምፅ ጋር ያመሳስለዋል።

እዚህ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። ከኋላዬ የክትባት ማቀዝቀዣው ሞተር ይመታል። ሦስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መደርደሪያው ላይ ጥጥ አለ። የአባቴን የእጅ ሰዓት፣ ያንን በእጅ የሚሞላውን፣ ከእጄ አውልቄ ጥጥ ውስጥ ጠቀለልኩትና ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ፖ አልተሳሳተም። ድምፁ ከእጄ የሚመጣ አይመስልም። ከራሴ ደረት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ልብ በሉ፤ በታሪኩ ውስጥ መንፈስ የለም፣ ጋኔን የለም፣ መቃብር የሚፈነቅል የለም። ልጆች ሳለን የተነገረን የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ከደጅ የሚመጣ ነበር፤ በሩ ከተቀረቀረ ይቀራል። ፖ በሩን ቀርቅሮ ጅቡን ውስጥ አስቀረው። ይኸው ሰው ደግሞ የወንጀል መርማሪን ታሪክ የጀመረልን ነው። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ስጦታዎች ይቆጥራቸዋል። እኔ አንድ ሥራ ይመስሉኛል፦ በአንደኛው የሚደብቅ ሰው አለ፣ በሌላኛው የተደበቀውን የሚፈልግ፤ ሁለቱም የሚኖሩት በሰው አእምሮ ውስጥ ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ?


የአራት ኪሎ አንባቢ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

ጥሩ ርእስ ከፍተሻል፤ ሚዛኑ ግን ወደ አስፈሪው ጎን አጋድሎብሻል። ፖ ለዓለም ካበረከተው ሁሉ ትልቁ መርማሪው ዱፒን ነው። በሚያዝያ 1841 በግራሃም መጽሔት የወጣውን «የሩ ሞርግ ግድያዎች» ማለቴ ነው። ያላነበበው ሰው ቀጣዩን አንቀጽ ቢዘልለው እመክራለሁ፤ የመጀመሪያ ንባብ ደስታው አይመለስም።

ፓሪስ ውስጥ እናትና ልጅ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ተገድለው ይገኛሉ። ጩኸት ሰምተው ደረጃውን የወጡ ጎረቤቶች ሁለት ድምፅ ሰምተዋል። አንዱ የፈረንሳዊ ወንድ ድምፅ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ። ሁለተኛው፣ ቀጭኑ፣ የማን ነው? ፈረንሳዊው ፖሊስ ስፓኒሽ ነው ይላል። ሆላንዳዊው ፈረንሳይኛ ነው ይላል፤ ቃሉን የሰጠው ግን በአስተርጓሚ ነው። እንግሊዛዊው ጀርመንኛ ነው ይላል፤ ጀርመንኛ አይችልም። ስፔናዊው እንግሊዝኛ ነው ይላል። ጣሊያናዊው ሩሲያኛ ነው ይላል፤ ከሩሲያዊ ጋር አንድም ቀን ተነጋግሮ አያውቅም። ይህ ሁሉ በጋዜጣ ታትሞ ወጥቷል፤ ሁሉም አንብቦታል፤ ሁሉም እንደ ተራ ዝርዝር አልፎታል። ዱፒን ብቻ ቆም ይላል። የአምስት አገር ሰው ሰምቶት ሁሉም «የእኔ ቋንቋ አይደለም፣ የሌላው ነው» ያለው ድምፅ፣ መጀመሪያ ነገር የሰው ድምፅ ነው ወይ?

እኔ ያደግሁበት ግቢ አራት ቋንቋ የሚነገርበት ነበር። ያልገባንን ነገር ሁሉ ለአንዱ ጎረቤት ቋንቋ እንሰጠው ነበር። ስለዚህ ይህ ገጽ ለእኔ የእንቆቅልሽ መፍቻ ብቻ አይደለም። ሰው ያልገባውን ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ተመልከቱ። ብልሁ መርማሪ፣ ከጎኑ ሆኖ የሚተርክ ወዳጁ፣ ግራ የገባው የፖሊስ አዛዥ፣ ከውስጥ የተቆለፈ ክፍል፣ በመጨረሻ ወዳጁን አስቀምጦ አንድ በአንድ ማስረዳት፤ ሁሉም በሦስቱ የዱፒን ታሪኮች ውስጥ አለ። ደራሲው ኮናን ዶይል በ1887 መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን ሲያመጣ የሆምስ ወዳጅ ዋትሰን ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ዱፒንን ያነሳበታል። ሆምስ ዱፒንን ያናንቀዋል፤ ዶይል ራሱ ግን የፖን ውለታ በአደባባይ የመሰከረ ሰው ነው። ሌላም አለ። የለንደን ፖሊስ የወንጀል መርማሪዎች ክፍል ያቋቋመው በ1842 ነው። ዱፒን በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። በልቦለድ የተፈጠረው መርማሪ ሥራውን የጀመረው የለንደኑ መርማሪ ወንበር ሳይሰጠው ነው!

ዛሬም አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት «ኤድጋር» ይባላል። «አሳባቂው ልብ» ግሩም ታሪክ ነው፤ አልክድም። ዱፒን ግን ዘር ዘርቶ ያለፈ ነው።


ሕግ አጥኚ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የአራት ኪሎው ወንድሜ ስለ ፖሊስ ሲያነሳ የእኛ አገር ነገር መጣብኝ። ዱፒን በፓሪስ ጋዜጣ እያገላበጠ በነበረበት ዘመን እኛ ዘንድ ሌባ የሚፈለገው በሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን አስረው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌላው አውጫጭኝ ነው። አገሬው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ መበተን የለም። በምስጢር ጥቆማ የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባላል።

በሌባ ሻይ ቤት ዱፒን ቦታ የለውም፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። አውጫጭኝ ግን የተረኛዋን ሐሳብ የሚያጠናክር ይመስለኛል። ጥፋተኛው ከጎረቤቶቹ መካከል ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን አስተካክሎ፣ ሌላው ሲጠየቅ ይሰማል። ቀኑ ይረዝማል። ከሳሹ ገና አልተናገረም፤ ልቡ ግን ይመታል። ያ ወንበሩን ሬሳው ላይ ያስቀመጠው ሰውዬ ይኸው ነው። ዘፍጥረት ላይ የአቤል ደም ከምድር ይጮኻል ተብሎ ያደግን አንባቢዎች ስለሆንን፣ ከሳንቃው ሥር የመጣው ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ የአቤልን ደም የሰማው እግዚአብሔር ነው፤ የፖን ድምፅ የሰማው ገዳዩ ብቻ ነው።


ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ፤ ፖን በየዓመቱ አስተምሬዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከተረኛዋ ጎን እቆማለሁ፤ ማስረጃዬን ግን የማመጣው ከአራት ኪሎው አንባቢ ሠፈር ነው።

በ1844 የወጣውን «የተሰረቀው ደብዳቤ» አስታውሱ። አንድ ሚኒስትር የአንዲትን ታላቅ እመቤት ደብዳቤ ሰርቆ ቤቱ አስቀምጧል። ፖሊስ ወራት ፈጅቶ ቤቱን ይፈትሻል። የወንበሩን ትራስ በመርፌ ይወጋል፤ የጠረጴዛውን ክዳን ይነቅላል፤ የእንጨቱን መጋጠሚያ በማጉያ መነጽር ያያል። ደብዳቤው የለም። ዱፒን አረንጓዴ መነጽር አድርጎ ሊጠይቀው ይሄዳል። ደብዳቤው ከምድጃው በላይ በጥብጣብ በተንጠለጠለች የካርድ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ቆሽሾ፣ መሐሉ ሊቀደድ ደርሶ፣ እንደ ጓንት ተገልብጦ ተቀምጧል። ሁሉም ያየዋል፤ ማንም አላየውም። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰምና ወርቅ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አልቀበላቸውም። በቅኔ ወርቁን የሚደብቀው ባለቅኔ እንዲገኝለት ይፈልጋል። ሚኒስትሩ እንዲገኝበት አይፈልግም።

ፍሬ ነገሩ ያለው በመሐል ባለች አንዲት ትንሽ ወግ ውስጥ ነው። ዱፒን ስለ አንድ የስምንት ዓመት ተማሪ ያወራል። ልጁ የትምህርት ቤቱን ልጆች ብይ ሁሉ በጎደሎና በሙሉ ጨዋታ ይበላቸዋል። አንዱ በእጁ ብይ ይይዛል፤ ልጁ «ጎደሎ ነው ወይስ ሙሉ?» የሚለውን መገመት አለበት። እንዴት እንደሚያሸንፍ ሲጠየቅ ምን አለ? የተጋጣሚዬን ሐሳብ ማወቅ ስፈልግ ፊቴን እንደ እሱ ፊት አደርጋለሁ፤ ከዚያ ልቤ ውስጥ ምን እንደሚመጣ እጠብቃለሁ አለ።

ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው የዱፒንም የገዳዩም ምስጢር በእጁ ገብቷል። የዱፒን ጥበብ ራስን የሌላውን ሰው ፊት አልብሶ ማሰብ ነው። ፖ «አሳባቂው ልብ»ን ሲጽፍ ያደረገውም ይኸንኑ ነው፤ የገዳይን ፊት ለብሶ ልቡ ውስጥ የሚመጣውን ጠበቀ። አንባቢውም ሳያውቀው ያንን ፊት ይለብሳል። ተረኛዋ ሰዓቷን በጥጥ የጠቀለለችው ለምን ይመስላችኋል?

ተጽዕኖው በምን መንገድ እንደ ሄደ ደግሞ ልንገራችሁ። ፖ በአገሩ ድሃ ሆኖ ነው የኖረው። የሩ ሞርግን ታሪክ 56 ዶላር ነው የተከፈለበት። ባሕር አቋርጦ ግን ፈረንሳይ ገባ። ባለቅኔው ቦድሌር ከ1848 ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ተረጎመው፤ በትርጉሙ የተነሣ ፈረንሳዮች የራሳቸው አደረጉት። ሩሲያ ውስጥ ዶስቶየቭስኪ በጥር 1861 ሦስት ታሪኮቹን በራሱ መጽሔት አትሞ መግቢያ ጻፈላቸው፤ «አሳባቂው ልብ» እና «ጥቁሩ ድመት» ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ራሱን የሚያጋልጠውን የዶስቶየቭስኪን ገዳይ ዓለም ያወቀው ከዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጃፓን ውስጥ ሂራይ ታሮ የሚባል ሰው በ1923 የመጀመሪያውን የወንጀል ታሪኩን ሲያወጣ የብዕር ስሙን «ኤዶጋዋ ራምፖ» አለ። ስሙን ፈጠን እያላችሁ ጥሩት፤ ማን እንደ ሆነ ትሰሙታላችሁ። የአንድን ጸሐፊ ስም እንደ ልብስ ለብሶ አንድ ሙሉ ዕድሜ መጻፍ፣ ከዚህ የበለጠ ውለታ መክፈል አላውቅም።


የሲልቨር ስፕሪንጓ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

እዚህ አሜሪካ ከምኖርበት እስከ ባልቲሞር ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው ጥቅምት ከሁለት ልጆቼ ጋር የፖን መቃብር አየነው። ፋየትና ግሪን የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ በዙሪያው ሆስፒታልና የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ከመቃብሮቹ በኋላ ስለሆነ፣ ከፊሉ መቃብር ከሕንጻው ሥር በቅስቶች መካከል ቀርቷል። ትንሹ ልጄ ጎንበስ ብሎ ወደዚያ ጨለማ አይቶ እጄን ጨመቀው።

ሐውልቱ ላይ ሰዎች ሳንቲም ያኖራሉ። ሐውልቱ በ1875 ሲሠራ የትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም ሰብስበው ረድተዋል፤ ልማዱ ከዚያ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። የልደት ቀኑ ድንጋዩ ላይ ተሳስቶ ነው የተቀረጸው፤ ጥር 19 መሆን ሲገባው 20 ይላል። ከኋላ በኩል መጀመሪያ የተቀበረበት ቦታ አለ፤ ቁራ የተቀረጸበት ትንሽ ድንጋይ ቆሞበታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በልደቱ ሌሊት እየመጣ ሦስት ጽጌረዳና የኮኛክ ጠርሙስ ያኖር ነበር። በ2009 ከመጣ በኋላ አልተመለሰም። የከተማዋ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን እንኳ ስሙን ያገኘው ፖ ስለ ቁራ ከጻፈው ግጥም ነው። ልጆቼ ቡድኑን እንጂ ገጣሚውን አያውቁትም ነበር።

ፖ በጥቅምት 1849 እዚያችው ከተማ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት አጠገብ የራሱ ያልሆነ ልብስ ለብሶ፣ ራሱን ስቶ ተገኘ። ከአራት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር። ምን እንደ ገጠመው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የመርማሪን ታሪክ የጀመረ ሰው የራሱ ሞት ሳይፈታ ቀረ፤ መቃብሩ ላይ ቆሜ ይህ ነበር የከበደኝ።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለልጆቼ አልታመንኩም። በ1843 መቶ ዶላር የተሸለመበት «የወርቅ ጢንዚዛ» ውስጥ ጁፒተር የሚባል ጥቁር አገልጋይ አለ። ግራና ቀኙን የማይለይ፣ ንግግሩ ለመሳቂያ የተሰባበረ ሰው አድርጎ ነው የሣለው። ያን ታሪክ የምስጢር ጽሑፍ አፈታት ስላለበት ነበር ለትልቁ ልጄ ያነበብኩለት። ጁፒተር ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1992 ባወጣችው የሂስ መጽሐፍ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ጥቁርን ሰው እንዴት አድርገው እንዳሰቡት ስትመረምር ከቀደምቶቹ ሁሉ ዋነኛ ያደረገችው ፖን ነው። ይህም ተጽዕኖ ነው። የሌላውን ሰው ፊት ለብሶ ማሰብ የሚችል ጸሐፊ የጁፒተርን ፊት ሊለብስ አልቻለም፤ ወይም አልፈለገም። መምህር፣ ክፍል ውስጥ ይህን እንዴት ያስተምሩት ነበር?


ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡50

እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ለብዙ ዓመት አላስተማርኩትም። ታሪኩን ከነጁፒተር አነብና ስለ ምስጢሩ ጽሑፍ ብቻ አወራ ነበር። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ይናገራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የትምህርቱ ግማሽ ሰዓት የእሷ ጥያቄ ሆነ። የብዩን ልጅ ወግ ከጁፒተር ጎን አስቀምጠሽ ያቀረብሽው ነገር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አልመጣልኝም። እቀበላለሁ።


ተረኛዋ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡30

ዛሬም ተረኛ ነኝ። የሁላችሁንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የአራት ኪሎው ወንድሜ፣ የቋንቋዎቹን ነገር እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ የለም፤ ታሪኩን እንደ ገና ልጀምረው ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ደፍራ ስለተናገረች እኔም የከነከነኝን ልናገር። ፖ በ1846 ግጥም እንዴት እንደሚጻፍ ባስረዳበት ድርሰቱ ከዓለም ርእሶች ሁሉ ለግጥም የሚስማማው የቆንጆ ሴት ሞት ነው ይላል። ሴቶቹ በየታሪኩ ይሞታሉ፤ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ጥቂት ነው። «በአሸር ቤት ውድቀት» ውስጥ ያለችው እኅት በሕይወት ሳለች ትቀበራለች፤ ከመቃብር ወጥታ በር ላይ ስትቆም እንኳ ቃል አትናገርም። ዛሬ በየፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሬሳዋን የምናያት፣ ስሟን የማናውቃት ቆንጆ ሴት ከየት መጣች ብትሉኝ፣ አንዱ መንገድ ከዚህ ይመስለኛል።


ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡00

ልክ ነሽ፤ አልከላከልለትም። አንድ ነገር ብቻ ጎን አስቀምጪለት። እናቱ የቲያትር ተዋናይ ነበረች፤ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1842 ጥር ላይ ሚስቱ ቨርጂኒያ ፒያኖ አጠገብ ስትዘምር ደም ከአፏ ፈሰሰ። ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ «የቀዩ ሞት ጭምብል» ታተመ፤ መሳፍንቱ ወረርሽኝ ሸሽተው በሩን በጋለ ብረት ዘግተው የሚጨፍሩበት፣ ጥቁሩ ሰዓት በደወለ ቁጥር ሙዚቀኞቹ ለቅጽበት የሚያቆሙበት ታሪክ። ቨርጂኒያ አምስት ዓመት እየተሻላትና እየባሰባት ቆይታ በጥር 1847 ሞተች። የቁራውን ግጥም ሲጽፍ ገና በሕይወት ነበረች፤ ከአጠገቡ ታስል ነበር። የግጥሙ ሰው የሚያለቅሰው ለሞተች ሴት ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ገና ያልሞተችውን ሚስቱን እያየ ነው የጻፈው።


ቅኔ ወዳድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። መምህር ቁራውን ሲያነሱ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ያንን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ሁለት ዓመት ስታገል ቆይቻለሁ። በጥር 1845 በኒው ዮርክ ጋዜጣ ሲወጣ በአንድ ጊዜ አገር ያወቀው ግጥም ነው። ጅምሩን ላሳያችሁ።

እኩለ ሌሊት ነበረ፣ ልቤ ዝሎ፣ ዐይኔ ቀልቶ፣
በተረሳ የጥንት ድርሳን፣ ሐሳቤ ከገጽ ገጽ ዋኝቶ፣
ላንቀላፋ ጥቂት ሲቀር፣ ድንገት ቢንኳኳብኝ ደጄ፣
ማነው የመጣ በውድቅት፣ እንግዳ ነው ወይ ወዳጄ?

እስከዚህ ይሄዳል። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ቁራው። አማርኛ ውስጥ «የቁራ መልእክተኛ» ስንል ሄዶ የሚቀር ሰው ማለታችን ነው፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ያልተመለሰው ቁራ ነው። የፖ ቁራ ተቃራኒው ነው፤ መጥቶ የማይሄድ። በነጩ የአቴና ሐውልት ራስ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ይህ መገላበጥ እንግሊዝኛው ውስጥ የለም፤ በአማርኛ ግን ሳልለፋ አገኘሁት። ደግሞ የእኛ የደጋው ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ መንቁሩም እንደ መጥረቢያ ነው፤ የፖው ከራስ እስከ ጅራት ጥቁር ነው። አንባቢዬ የትኛውን ያያል? እኔ የራሱን ቁራ ይየው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ግን አልተፈታም። ቁራው የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከእንግዲህ ወዲያ ከቶ አይሆንም» የሚል ትርጉም ያለው። ፖ ያንን ቃል የመረጠው ለድምፁ ነው፤ የሚጎተት አናባቢ ከሚንከባለል «ር» ጋር እንዲያርፍለት ብሎ። እኔ «ከእንግዲህ» ብዬ ሞከርኩ፤ «ዳግመኛ» ብዬ ሞከርኩ፤ «ከቶ» ብዬ ሞከርኩ። እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።


የአራት ኪሎ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

«ከእንግዲህ» ይሻላል። «ከ» ስትጀምር የቁራ ጉሮሮ አለባት። ግጥሙም ግሩም ነው፤ ቀጥልበት።


ሕግ አጥኚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

አይመስለኝም። «ከእንግዲህ» በር ይከፍታል፤ ሰሚው «ከእንግዲህስ ምን?» ብሎ ይጠብቃል። የፖው ቃል በር ይዘጋል። «ዳግም የለም» ብትለውስ?


ተረኛዋ
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡10

ቅኔ ወዳድ፣ «የለም» በለው። «ዳግም» አያስፈልገውም፤ ብቻውን «የለም» ይበቃዋል።

ምክንያቴን ልንገርህ። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሰው ገባ፤ ዕድሜው ወደ ስልሳ ይሆናል፤ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ወረቀት ሰጠኝ። መድኃኒቱ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «የለም፣ አባቴ» አልኩት። አልሄደም። «ትንሽ እንኳ?» አለኝ። የለም። «ሌላ ቦታስ?» እኔ የማውቃቸውን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ የለም። «ነገስ?» የለም። መልሱን ያውቀዋል። ዐይኑን ሳየው ማወቁ ይታያል። ግን እየጠየቀ ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከፊተኛው የበለጠ እየከበደ እንዲመጣ አድርጎ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ «ለልጅ ነው» አለኝ። ምንም አልጠየቀኝም በዚያን ጊዜ፤ እኔም ምንም አልመለስኩም።

ከወጣ በኋላ ግጥሙን ገለጥኩት። ፖ ራሱ በዚያ ድርሰቱ ይህንኑ ነው የሚለው፦ ሰውዬው ቁራው አንድ ቃል ብቻ እንደሚያውቅ ገብቶታል፤ መልሱን እያወቀ ነው የሚጠይቀው፤ እንዲያመው አድርጎ ነው ጥያቄውን የሚቀርጸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ደግሞ ከትንቢተ ኤርምያስ የተወሰደ ነው፤ በገለዓድ መድኃኒት አለ ወይ የሚለው። የእኛው መጽሐፍ ጥያቄውን ሲያስቀምጠው «የለምን?» ብሎ ነው የሚጨርሰው። ቁራው «ን»ን አንሥቶ የቀረውን ይመልስለት።


ቅኔ ወዳድ
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡55

አልተኛሁም ነበር። ሁለቱን ዓመት የፈጀሁበት ስንኝ ይኸው፦

በገለዓድ፣ በዚያ ተራራ፣ መድኃኒት የለምን? ንገረኝ፣
አንተ ወፍም ሁን ጋኔንም፣ ሳትሄድ በፊት መልስ ስጠኝ።
ቁራውም አለ፦ «የለም።»